«የኔ ቢጤ» በራችን ላይ ሲቆም

የዛሬው ጨዋታችን በየቡናው ላይ ስትከራከሩበት በምንሰማው ጉዳይ ላይ ነው። በር ላይ ቆሞ ለሚለምን፣ ገበያ ዳር ተኝቶ እጁን ለሚዘረጋ ሰው ገንዘብ እንስጥ ወይስ አንስጥ? (ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍነው፤ ካምፑ የሚቆጥረው በዚያ ስለሆነ።)

«ይኼ ደግሞ ምን ያከራክራል? ያለው ይሰጣል፣ የሌለው ይተዋል» የሚል አይጠፋም። ክርክሩ ግን እንዲህ ነው። አንዲት እናት፣ «እኔ ራሴ ተረጂ ነኝ። ተረጂ ለተረጂ ምን ይሰጣል?» ይላሉ። አጠገባቸው ያለችው ጎረቤት፣ «ኧረ እትዬ፣ እንዲህ አይበሉ! ነግ በእኔ ነው» ትላለች። ወጣቱ ደግሞ ስኒውን አስቀምጦ፣ «ሳንቲም ስትሰጧቸው እኮ ነው የሚለምዱት። ማስቲሽና ቻንጋ ነው የሚገዙበት» ይላል። ሦስቱም ከልባቸው ነው የሚናገሩት፤ በሦስቱም ውስጥ እውነት አለ። ስለዚህ እየለየን እንየው።

ያደግንበት ወግ

በአገራችን ለማኝን «የኔ ቢጤ» እንላለን። ቃሉን በደንብ ካዳመጥነው ብዙ ይናገራል፤ እኔን የሚመስል፣ የእኔ እኩያ ማለት ነው። ዛሬ እሱ ቆሟል፣ ነገ እኔ ልቆም እችላለሁ ማለት ነው። በሰንበትና በንግሥ ቀን በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ዓርብ ዓርብ በመስጊድ በር የሚሰለፉትን የማያስታውስ የለም። ከደጁ ራቅ ብለው ብር ዘርዝረው ሳንቲም የሚሰጡ ሰዎች እንኳ ነበሩ፤ ሰጪው ለብዙዎች እንዲያዳርስ ብለው።

የቆሎ ተማሪውንም አስታውሱ። አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ከውሻ ጋር እየተጋፋ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይዞራል። ለምኖ ያደረ ተማሪ ኋላ መሪጌታ ይሆናል፣ ጳጳስም ይሆናል። ለትምህርት መለመን እንደ ነውር አልተቆጠረም። ሌሊት ሳይነጋ በየበሩ እየዘፈኑ የሚለምኑት ላሊበሎችም ነበሩ፤ ከሰጧቸው ይመርቃሉ፣ ካልሰጧቸው ይሸነቁጣሉ። ልመናውን ከተዉ የሥጋ ደዌ ይይዘናል ብለው የሚያምኑ ነበሩ ይባላል።

እስላሙም የራሱ ሥርዓት አለው። ዘካ ለሀብታም የተጣለ ግዴታ ነው። የፆም ፍቺው ዘካ ደግሞ ለኢድ ሶላት ሳይወጡ በፊት የሚሰጥ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ራስ ወደ ሁለት ኪሎ ተኩልና ሦስት ኪሎ የሚጠጋ እህል ነው። ክርስቲያኑም በጾም ወራት ሳይበላ ያተረፈውን ለነዳያን መስጠቱ የጾሙ አካል ነው። እንግዲህ በየትኛውም እምነት ብናይ፣ መስጠት እንዲያው ሆድ ሲባባ ብቻ የሚደረግ ነገር አልነበረም። ቀን ነበረው፣ መጠን ነበረው።

ያልሰጠውም ሰው ወግ ነበረው። «እግዜር ይስጥህ» ይላል። ባዶ እጁን ሲሸኘው እንኳ ምርቃት አስይዞ ነው። ይኼን ልብ እንበል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ካምፕ ውስጥ ማን ነው የሚለምነው?

ካኩማ ካምፕ የተቆረቆረው በ1992 ነው። ከሱዳን የመጡት ልጆችና ከእኛም አገር በ1991 የመንግሥት ለውጥ ጊዜ የተሰደዱት ሲገቡ፣ ቦታው የቱርካና ከብት አርቢ የሚግጥበት ደረቅ ሜዳ ነበር። ዛሬ በራችን ላይ የሚቆሙትን ብንለያቸው ሦስት ዓይነት ናቸው።

አንደኛዎቹ የቱርካና እናቶችና ልጆች ናቸው። «ናኦምባ ቻኩላ» ይላሉ፤ ምግብ እለምናለሁ ነው። ሁለተኛዎቹ የራሳችን ሰዎች ናቸው፤ ጧሪ የሌላቸው ሽማግሌዎች፣ ሕመምተኞች፣ ባል የሞተባቸው እናቶች። እነዚህ በር አያንኳኩም፤ «ጨው አበድሩኝ» ብለው ይመጡና ዓይናቸው ወደ ድስቱ ይሄዳል። ሦስተኛዎቹ አእምሯቸው የታወከ፣ ገበያ ውስጥ በካርቶን ላይ የሚያድሩ ናቸው። የሦስቱም ችግር የተለያየ ነው፤ ለሦስቱም አንድ መልስ ካዘጋጀን እንሳሳታለን።

«እነሱ እኮ አገራቸው ላይ ናቸው፤ ስደተኛው እኔ ነኝ» የሚለው ወቀሳ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ላይ ነው። እውነት ነው፣ አገራቸው ነው። ግን ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ ድረስ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅት ጠፍቶ የቱርካና ፍየልና ግመል እንዴት እንዳለቀ በዓይናችን አይተናል። ከብት ለአርብቶ አደር ራሽን ካርዱ ማለት ነው፤ ካርዱ ጠፋበት ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። የቱርካና ሴት ድሮም ቢሆን በባዶ እጇ አልነበረም የምትመጣው። እንጨቱን ተሸክማ፣ ከሰሉን በጆንያ ሞልታ ትመጣለች፤ እኛም ከራሽናችን በቆሎ ወይም ዱቄት ሰፍረን እንሰጣታለን። ይኼ ልመና አልነበረም፣ ንግድ ነበር። ታዲያ ራሽኑ ሲቀነስ ምን ሆነ? በ2025 ዓለም አቀፉ እርዳታ በብርቱ ሲጎድል ምግቡ ከግማሽ በታች ወረደ፣ ካምፑም ታመሰ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ቤተሰቡ ሁሉ ከአንድ እስከ አራት በምድብ ተከፈለ፤ አራተኛው ምድብ ራሱን ይችላል ተብሎ ምንም እንዳያገኝ ሆነ። የእኛ ዱቄት ሲያልቅ የእርሷም እንጨት ገዢ አጣ። ትናንት ነጋዴ የነበረችው ሴት ዛሬ እጇን የዘረጋችው ስለሰነፈች አይደለም። የእኛን ቤት የመታው ነገር የእርሷንም ቤት ስለመታው ነው።

«ገንዘቡን ምን ያደርጉበታል?»

አሁን ወደ ወጣቱ ክርክር እንምጣ። ገንዘብ ብንሰጥ ለመጠጥ ነው የሚያውሉት ይላል። እዚህ ላይ እኛ ስደተኞች ከማንም በላይ የምናውቀው ነገር አለ።

በእኛም ላይ ይኸው ተብሏልና! ለብዙ ዓመታት የሚሰፈርልን በቆሎ፣ ባቄላና ዘይት ነበር። ልጁ ወተት ይፈልጋል፣ ወጡ ሽንኩርት ይፈልጋል፣ እኛ ግን በቆሎ ነበረን። ስለዚህ በቆሎውን በርካሽ ሸጥን፣ ሽንኩርቱን በውድ ገዛን። ይኼን ያየ ደግሞ «ራሽናቸውን ይሸጣሉ፤ አልራባቸውም ማለት ነው» አለ። በየስብሰባው እጃችንን እያነሳን «ገንዘቡን ስጡን፣ ለቤታችን የሚያስፈልገውን እኛ እናውቃለን» ስንል ከረምን። በ2015 ባምባ ቻኩላ ሲመጣ ከራሽኑ ከፊሉ በስልክ ገንዘብ ሆነ። ያም ቢሆን በተመዘገበ ሱቅ፣ ለምግብ ብቻ ነበር። «ጥሬ ገንዘብ ከሆነ ያጠፉታል» የሚለው ጥርጣሬ ወዲያው አልለቀቀንም።

ታዲያ ለእኛ ሲሆን «የሚያስፈልገንን እናውቃለን»፣ ለሌላው ሲሆን «አያውቅም» ማለት እንዴት ይሆናል? አንዲት አዋቂ ሴት አሥር ሽልንግ ብትሰጣት ለሳሙና ታውለው፣ ለልጇ መድኃኒት ታውለው፣ የቤቷን ጉድለት የምታውቀው እርሷ ናት። አንዱ ይጠጣበታል፤ አዎ፣ ይጠጣበታል። ከእኛም መሐል የራሽኑን ብር የሚጠጣ አለ። በእርሱ ምክንያት የሁላችንም ካርድ ይቀደድ ብንባል ግን በአንድ ድምፅ ነው የምንጮኸው።

ስለዚህ የዚህ ዓምድ ሐሳብ ግልጽ ነው። ለአዋቂ ሰው መስጠት ከፈለጋችሁና ካላችሁ፣ ስጡና እርሱት። የሰጡትን ሳንቲም በዓይን መከተል አያስፈልግም።

ለልጅ ግን ገንዘብ አይሰጥም

በልጆች ጉዳይ ግን ወጣቱ ትክክል ነው። በሕፃን እጅ ላይ የሚቀመጥ ሳንቲም ከአዋቂው ጋር አንድ አይደለም።

ለምን ቢባል፣ አንደኛ፣ ሳንቲሙ እርሱ ጋ አይቆይም። ከእርሱ የሚበልጠው ጎረምሳ ማታ ይቀበለዋል። ሁለተኛ፣ ማስቲሽ ርካሽ ነው፣ ረሃብንም ብርድንም ለጊዜው ያስረሳል፤ የሚጎዳው ደግሞ አእምሮን ነው። በናይሮቢ ጎዳና ላይ ጠርሙስ አፋቸው ላይ ይዘው የሚዞሩትን ቾኮራዎች ኢስሊ የኖረ ሁሉ አይቷል። የኬንያ መንግሥት በ2018 ባስቆጠረው ቆጠራ በአገሪቱ ጎዳና ላይ የሚኖረው ሰው ከ46 ሺህ በላይ፣ ከዚያም ናይሮቢ ብቻ ከ15 ሺህ በላይ ሆኖ ነበር። በአዲስ አበባም ጎዳና ተዳዳሪ የምንላቸው ልጆች ከዚሁ ማስቲሽ ጋር ነው የሚውሉት። ሦስተኛ፣ ምግብ ቤት ደጅ ላይ ጠዋት ሳንቲም ያገኘ ልጅ፣ ነገም ጠዋት እዚያው ነው የሚቆመው። ትምህርት ቤት ግን ሳንቲም አይሰጥም። ሰፈር ሙሉ ሰው በደግነት እየሰጠ ልጁን ከክፍል ሊያወጣው ይችላል።

ታዲያ ልጁ ይራብ? አይራብም። ለልጅ የሚሰጠው የሚበላ ነገር ነው፤ ያውም እዚያው ቁጭ ብሎ የሚበላው። እንጀራ ቢሆን በወጥ አርሶ፣ ቻፓቲ ቢሆን ከሻይ ጋር። ይዞት እንዲሄድ ከተሰጠው ይነጠቃል ወይም ይሸጠዋል። ሲበላ ደግሞ ስሙን ጠይቁት፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ለምን ትምህርት ቤት እንዳልሄደ ጠይቁት። ወላጅ የሌለው፣ ቤት የሌለው ከሆነ ለብሎክ ሊደር ወይም ለልጆች ጥበቃ ሠራተኞች መንገር ከሃያ ሳንቲም ይበልጥበታል።

«ምጽዋት ድህነትን አያጠፋም»

ይኼንንም የሚሉ የተማሩ ወንድሞች አሉ። ለዘላለም ብትመጸውቱ ለማኙ ለማኝ ሆኖ ይቀራል፤ ሥራ፣ ትምህርት፣ ሕክምና ነው የሚያስፈልገው ይላሉ። አልተሳሳቱም። ግን አንድ ምሳሌ እናንሳ።

በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ የሚባለው ሰፈር የሥጋ ደዌ ሕሙማን ለሕክምና ከየጠቅላይ ግዛቱ እየመጡ የሰፈሩበት ነው። አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ማገገሚያ ማዕከል በ1965 የተመሠረተው እዚያ ነው። ብዙዎቹ ከዘመድ ተገልለው፣ ሥራ የሚሰጣቸው ጠፍቶ በልመና ነበር የሚኖሩት። ምጽዋት በሽታውን ፈወሰው? አልፈወሰውም። የፈወሰው መድኃኒት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 እንዲሰጥ የመከረው የመድኃኒቶች ጥምረት በሽታውን በወራት ውስጥ የሚድን አደረገው። ነገር ግን ያ መድኃኒት እስኪመጣ ድረስ ሰዎቹን በሕይወት ያቆየው ምንድን ነው? የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳንቲም፣ የጎረቤት ጉርሻ ነው። መድኃኒቱ ሲመጣ የሚወስደው ሰው በሕይወት መገኘት ነበረበት።

እንግዲህ ሁለቱን ማጣላት አያስፈልግም። ጉርሻው ለዛሬ ነው፣ ሥራውና ሕክምናው ለነገ ነው። «ለነገው ታገሉ» የሚለን ሰው ደግ ብሏል፤ ለዛሬው እንዳንሰጥ ምክንያት ሲያደርገው ግን የራሱን ኪስ እየጠበቀ እንደሆነ እንጠይቀው።

የሌለውስ ምን ያድርግ?

አሁን ወደ መጀመሪያዋ እናት እንመለስ። «እኔ ራሴ ተረጂ ነኝ» ያሉት እውነታቸውን ነው። ልጆቿን በቀን አንዴ የምታበላ እናትን «ስጪ» ብሎ የሚጫናት ሃይማኖትም ወግም የለም። ምድብ አራት ገብቶ ባዶ የቀረ ቤት ተቀባይ እንጂ ሰጪ አይደለም፤ ይኼን በግልጽ እንነጋገር፣ ማንም አይፈር።

አንድ ቤት ብቻውን ሲሸከመው የከበደው ግን ለብዙ ቤት ይቀላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ? እድርን እናውቅበታለን። ሰው ሲሞት ድንኳኑም፣ ቡናውም፣ ንፍሮውም በካምፕ ውስጥ እንኳ አይጎድልም። ለሞተው ሰው እንዲህ የምንደራጅ ሰዎች፣ ሳይሞት በፊትስ?

እስቲ ይኼን አስቡት። በአንድ ብሎክ 25 ቤት አለ እንበል። ራሽን በወጣ ቀን የሚችለው ቤት ሁሉ አንድ የሻይ ብርጭቆ ዱቄት በአንድ ጣሳ ውስጥ ያስቀምጥ። አንድ ብርጭቆ ዱቄት ከመቶ ግራም ጥቂት ይበልጣል፤ ከሰጪው ቤት ብዙም አይታወቅም። ሲጠራቀም ግን ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል። ለአንድ ጧሪ ለሌላቸው እማማ የስንት ቀን ገንፎ ነው! ጣሳውን የሚይዙት ሁለት የታመኑ ሴቶች ይሁኑ፤ አንዷ ክርስቲያን አንዷ እስላም ብትሆን ደግሞ የበለጠ ያምራል። ለማን እንደተሰጠ በአደባባይ አይነገር። ስም እየተጠራ፣ ፎቶ እየተነሳ መቀበል ምን እንደሚመስል እኛ እናውቀዋለን፤ ለጎረቤታችን አንመኘውም።

ይኼ ለራሳችን ችግረኞች ነው። ለቱርካና እናት ደግሞ የምትችሉትን ያህል የድሮውን ንግድ መልሱ። ውኃ ትቅዳ፣ ግቢ ትጥረግ፣ እንጨት ታምጣ፤ ዋጋዋን ግን አታሳንሱ። ስለራባት ብቻ ግማሽ ቀን አሠርቶ በአንድ ኩባያ ዱቄት መሸኘት ምጽዋትም ንግድም አይደለም፣ ብዝበዛ ነው።

አእምሮው ለታወከው ወንድማችን ሳንቲም ብዙም አይረዳውም። ምግብ፣ ውኃ፣ የሌሊት ልብስ ይሻላል። ከሁሉ በላይ ግን ወደ ክሊኒክ የሚወስደው ሰው ይፈልጋል። እርሱ ብቻውን ወረፋ አይቆምም፣ መድኃኒቱንም አያስታውስም። ከመንደሩ ልጆች ሁለት ሦስት ሆነው ተራ ቢገቡለት ይቻላል። ጠበልም ከፈለጋችሁ ጠበሉን፣ ዱዓም ከፈለጋችሁ ዱዓውን አስከትሉ፤ ክሊኒኩን ግን አታስቀሩ።

ባዶ እጅም ወግ አለው

የመጨረሻው ነገር የማንም ኪስ የማይነካ ነው። ልጆቻችን ስዋሂሊ ሲጀምሩ ከሚለምዷቸው ቃላት አንዱ «ቶካ!» ሆኗል። ውጣ፣ ጥፋ ማለት ነው። ከማን ሰሙት? ከእኛ ነዋ። ለማኝ በር ላይ ሲቆም ከጓዳ ሆነን ስንጮህበት ሰምተው ነው። ገበያ ውስጥ ያንን ምስኪን እብድ በድንጋይ የሚያባርሩትም እነዚሁ ልጆች ናቸው።

ወላጆች፣ ይኼን እናርም። የሌለን ቀን እስከ በሩ እንሂድ፣ ፊቱን እንይ፣ «ሃኩና፣ ማማ» እንበል፤ የለም ነው። ወይም እንደ ወጋችን «እግዜር ይስጥሽ» እንበል። ቋንቋውን ባትሰማው ድምፃችን ይነግራታል። የምንሰጥ ቀን ደግሞ ልጁ በራሱ እጅ ይስጥ። ከሰጠ በኋላ እጁን እንዳይጠርግ፣ እንዳይሮጥም ንገሩት። ነገ ይኼ ልጅ ሌላ አገር ሲሄድ፣ ያየው ሁሉ ከእርሱ ጋር ይሄዳል።

ሁላችንም አንድ ቀን ድንበር ላይ ባዶ እጃችንን ቆመናል። ውኃ የሰጠን ነበር፣ ውሻ የለቀቀብንም ነበር። ሁለቱንም እስከዛሬ እናስታውሳቸዋለን። በራችን ላይ የቆመችውም ሴት እኛን በየትኛው እንደምታስታውሰን የምንመርጠው እኛው ነን።

የጣሳውን ነገር በየብሎካችሁ ተወያዩበት። የሚቃወም ካለም ሐሳቡን ጽፎ ያድርስልን፤ በሚቀጥለው እትም ቦታ እንሰጠዋለን። እስከዚያው ቸር ያሰንብተን፣ ዝናቡንም ለእኛም ለቱርካናም ያምጣልን።